ንጋት ሐይቅ ላይ “ዛሬ አትነሳም” የሚለው ማን ነው?

መንገደኛ የጫነ መርከብ በሰጠመ ቁጥር የመጀመሪያው ዜና “በከባድ ማዕበል ምክንያት” ይላል። ከወራት በኋላ የምርመራ ውጤት ሲወጣ ግን ማዕበሉ ከተጠያቂዎቹ ተርታ መጨረሻ ላይ ሆኖ ይገኛል። ከፊቱ የሚሰለፉት ትርፍ የጫነው፣ ትርፍ መጫኑን አይቶ እንዳላየ ያለፈው፣ “አየሩ አላማረኝም፣ ዛሬ አትነሱም” ለማለት ሥልጣን እያለው ዝም ያለው ናቸው። ይህን ጉዳይ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የባሕር በር የለንም እያልን ስንቆዝም በኖርንባት አገር፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ 1,874 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ሐይቅ ተፈጥሯል። ይህ ስፋት ከአዲስ አበባ ከተማ ስፋት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

የታላቁ የኅዳሴ ግድብ ውኃ መያዝ የጀመረው በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በእነዚያ ዓመታት ሁላችንም ስንከታተል የነበረው ሁለት ነገር ነው፤ ሜጋ ዋቱንና ካይሮ የምትለውን። 5,150 ሜጋ ዋት የሚለውን ቁጥር ልጆቻችን ሳይቀሩ በቃላቸው ያውቁታል። ከግድቡ ጀርባ የተኛው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ግን፣ ንጋት የሚል ስም ከማግኘቱ በቀር፣ እንደ ሐይቅነቱ ብዙም አልተወራለትም። ስለ ዓሣው፣ ስለ ደሴቶቹና ስለ መዝናኛው ይነገራል። ሐይቁ ለትራንስፖርትም እንደሚውል ባለሥልጣናት ደጋግመው ተናግረዋል። የዓሣ አስጋሪዎች ጀልባዎች ደግሞ ማንንም ሳይጠብቁ ሥራ ጀምረዋል። ዓሣ የጫነች ጀልባ ሰው ለመጫን የምትፈልገው አንድ ቸኩሎ የመጣ መንገደኛ ብቻ ነው።

መንገደኛው ደግሞ አለ። የክልሉን ካርታ ያየ ሰው እንደሚያውቀው ዓባይ ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ለሁለት ይከፍለዋል። መተከል ከወንዙ በስተሰሜን፣ አሶሳና ካማሺ በስተደቡብ ናቸው። ለረጅም ዘመን ከርዕሰ ከተማው ከአሶሳ ተነስቶ ወደ መተከሉ ግልገል በለስ ለመሄድ የፈለገ የክልሉ ነዋሪ በወለጋ አልፎ፣ ነቀምቴ ደርሶ፣ በቡሬ በኩል ዓባይን ተሻግሮ፣ ሦስት ክልል ሲረግጥ ይውል ነበር። በጉባ በኩል ያለው መንገድ ይህን ጣጣ አቃለለው እንጂ አላጠፋውም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በካማሺና በወለጋ የተከሰተው ግጭት ሲጨመርበት መንገዶች ለሳምንታት ብቻ ሳይሆን ለወራት የተዘጉበት ጊዜ እንደነበር የአሶሳ ነጋዴ ሁሉ ይመሰክራል። በወምበራና በሰዳል በኩል ወንዙ የነበረበት ገደል አሁን ሰፊ ውኃ ሆኗል። መንገድ የተዘጋበት፣ ከፊቱ ውኃ የተዘረጋለት ሰው ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

እዚህ ላይ ነው የሴኔጋሏን “ዡላ” መርከብ ማስታወስ የሚያስፈልገው። ካዛማንስ የምትባለው የሴኔጋል ደቡባዊ ክፍል ከተቀረው አገር በጋምቢያ የተቆረጠች ናት። በዚያ ላይ ከ1970ዎቹ አጋማሽ (በእኛ አቆጣጠር) ጀምሮ የመገንጠል ጦርነት ይካሄድባት ስለነበር በየብስ መጓዝ ፈንጂና ሽፍታ ያለበት ነበር። ስለዚህ የካዛማንስ ተማሪ፣ ማንጎና የዘንባባ ዘይት ይዛ ዳካር የምትወርድ ነጋዴ፣ ደመወዝተኛው፣ ወታደሩ ሁሉ ተስፋው በአንዲት መርከብ ላይ ነበር። መርከቧን የሚያስተዳድረው የአገሪቱ ጦር ነው። ለጥገና ከአንድ ዓመት በላይ ቆማ ወደ ሥራ ከተመለሰች ገና ሳምንታት ብቻ ተቆጥረዋል። የመጫን አቅሟ 580 ሰው ገደማ ሲሆን፣ መስከረም 16 ቀን 1995 ዓ.ም. ከዚጊንሾር ስትነሳ ትኬት የቆረጡት ብቻ ከዚህ ልክ በእጅጉ የበለጡ ነበሩ። ያለ ትኬት የገቡት ሲጨመሩ ቁጥሩ ወደ 1,900 ደረሰ። እኛ ደመራ ለኩሰን ቤታችን በገባንበት በዚያው ምሽት፣ ከጋምቢያ የባሕር ጠረፍ ወጣ ብሎ፣ ዝናብና ነፋስ የቀላቀለ ወጀብ መታት። በደቂቃዎች ውስጥ ተገለበጠች።

በይፋ የተመዘገበው የሟቾች ቁጥር 1,863 ነው። ከታይታኒክ ይበልጣል። የተረፉት 64 ሰዎች ብቻ ናቸው። በሌሊት ከውኃው ያወጧቸው በአካባቢው የነበሩ ዓሣ አስጋሪዎች ሲሆኑ፣ የመንግሥት ነፍስ አድን የደረሰው በማግስቱ ነው። ከዚያ በኋላ የትራንስፖርትና የጦር ኃይሎች ሚኒስትሮቹ ሥልጣን ለቀቁ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ከነካቢኔያቸው ተሰናበቱ። ፍርድን በተመለከተ ግን ዓቃቤ ሕግ በዓመቱ ጥፋቱን ከመርከቧ ጋር በሞተው ካፒቴን ላይ ጥሎ መዝገቡን ዘጋው። ሙት አይከራከርም።

የዚያን ምሽት ወጀብ ባስብ ባስብ፣ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ በክረምት ማብቂያ የተለመደ ወጀብ ከመሆን አያልፍም። አንድ መርከብ በልኩ ጭኖ ቢሆን ኖሮ መንገደኞቹ በማግስቱ “ሌሊቱን ሲያናውጠን አደረ” ብለው የሚያወሩት ዓይነት ነው። ሰው ያለቀው የማረፊያው ወለል ሞልቶ መንገደኛ ሁሉ ከላይ በመታጨቁ ነው። ክብደት ወደ ላይ ሲወጣ መርከብ እንደ ሰካራም ይሆናል፤ ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት ይወድቃል። ዝናብ ሽሽት ሰው ወደ አንድ ጎን ከተጠጋማ አለቀ።

ውኃ ራሱ ከውስጥ ሲገባ ደግሞ የባሰ ነው። በሳፋ ውኃ ሞልታ የተሸከመች ሴት ይህን ከማንም መሐንዲስ በላይ ታውቀዋለች፤ ሳፋው ትንሽ ካጋደለ ውኃው ሁሉ ወደዚያው ይሮጥና ጭራሽ ይደፋዋል። ጥር 26 ቀን 1998 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ላይ፣ ከሳዑዲ ዓረቢያዋ ዱባ ወደ ግብፅ ሳፋጋ ስትጓዝ የሰጠመችው “ሰላም ቦካቺዮ 98” የጠፋችው እንዲሁ ነው። እሳት ተነሳ፤ እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውኃ መውጫ አጥቶ በተሽከርካሪዎች ወለል ላይ ተጠራቀመ፤ መርከቧ አጋደለች፤ ነፋሱም ረዳ። ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ባለቤቱን ፍርድ ቤት መጀመሪያ ነፃ አወጣው፤ በይግባኝ ደግሞ በሌለበት የሰባት ዓመት እስራት ፈረደበት።

“ይህ የባሕር ወሬ ነው፣ እኛ ያለን ሐይቅ ነው” የሚል አይጠፋም። ታንዛኒያም ያላት ሐይቅ ነው። በግንቦት 1988 ዓ.ም. “ቡኮባ” ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ስትገለበጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል፤ የስም ዝርዝር በአግባቡ ስላልተያዘ ስንት ሰው እንደነበረባት እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከ22 ዓመታት በኋላ፣ በመስከረም 2011 ዓ.ም.፣ 101 ሰው እንድትጭን የተሠራችው “ኔሬሬ” እዚያው ሐይቅ ላይ ተገልብጣ 228 ሰዎች ሞቱ። መድረሻዋ ከዓይን የማይጠፋ ቅርብ ደሴት ነበር። ወጀብም አልነበረም።

ለንጋት ከሁሉም የሚቀርበው ምሳሌ ግን የጋናው ቮልታ ነው፤ እሱም የግድብ ሐይቅ ነውና። የአኮሶምቦ ግድብ በ1950ዎቹ መጨረሻ (በእኛ አቆጣጠር) ውኃ ሲይዝ ደኑ ከነቁመቱ ተዋጠ። ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎም የዛፎቹ ጉቶዎች ከውኃ በታች ቆመው ጀልባ ይበሳሉ። በመጋቢት 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ከዲግያ ብሔራዊ ፓርክ እንዲነሱ የተደረጉ ሰዎችን ከነዕቃቸው የጫነች ጀልባ እዚያ ሐይቅ ላይ ሰጥማ ከመቶ በላይ ሰዎች ሳይሞቱ አልቀሩም ተብሎ ነበር። ጉቶው ብቻውን ሰው አይገድልም። ማታ ሲጓዙ፣ ውኃው ሲቀንስ፣ ነፋስ ጀልባዋን ከለመደችው መስመር ሲያስወጣት ነው የሚገድለው።

አሁን እነዚህን ነገሮች ወደ ጉባና ወምበራ እናምጣቸው። ከንጋት በታች የተዋጠው የቆላ ጫካ ነው፤ የምንጣሮ ዘመቻ ተደርጓል፣ ዛፉ ሁሉ ግን ተመንጥሮ አላለቀም። ሐይቁ 246 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ የተዘረጋ፣ በየሸለቆው ቅርንጫፍ ያወጣ ነው። ነፋስ በውኃ ላይ ረጅም ርቀት በሮጠ መጠን ሞገዱ ያድጋል፤ ከሸለቆ ታጥፎ ወደ ዋናው ውኃ ብቅ ያለ ጀልባ ከኋላው ያላየውን ሞገድ ከፊቱ ያገኛል። በምዕራቡ ቆላ ደግሞ በሚያዝያና በግንቦት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ጠቁሮ የሚወርደውን ነጎድጓዳማ ነፋስ ያየ ያውቀዋል። የቆርቆሮ ጣሪያ የሚገነጥል ነፋስ በአንዲት የፋይበር ጀልባ ላይ ምን እንደሚሠራ መገመት ቀላል ነው። በዚህ ላይ የሐይቁ ከፍታ እንደ ኃይል ማመንጨቱ ከዓመት ዓመት፣ ከወቅት ወቅት ከፍና ዝቅ ይላል። ዘንድሮ የተሠራ መሳፈሪያ በበጋ ጭቃ ላይ ሊቀር ይችላል፤ አምና ደኅና የነበረ መስመርም በሚቀጥለው መጋቢት የዛፍ ጫፍ ሊሆን ይችላል።

ስለ ልማዳችንም እናውራ። “ትርፍ” የሚለው ቃል በአማርኛ ትራንስፖርት ውስጥ ስድብም ወንጀልም አይደለም፣ የዕለት ኑሮ ነው። ረዳቱ “ጎንበስ በሉ” ሲለን ጎንበስ እንላለን። ኬላ ሳይደርስ ወርዶ በእግሩ አልፎ ከኬላው ማዶ የሚሳፈር መንገደኛ የትራፊክ ፖሊሱን እንጂ ራሱን የሸወደ አይመስለውም። በየብስ ይህ ልማድ ብዙ ሕይወት አስከፍሎናል፤ በውኃ ላይ ግን ጎንበስ ማለት ክብደት አይቀንስም። እኔም አንድ ጊዜ ጣና ላይ በተሳፈርኩባት ጀልባ የነፍስ አድን ጃኬቶቹ በአዲስነታቸው በገመድ ተጠፍረው ከሸራ ሥር ተቀምጠው ነበር። እንዳይቆሽሹ ነው አሉኝ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በደቡብ ጎንደር ስማዳ ወረዳ ለበዓል ይጓዙ የነበሩ ሰዎችን የያዘች ጀልባ ዓባይ ላይ ተገልብጣ ብዙ ሰው ሲሞት፣ ዜናው አንድ ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ተረሳ።

ታዲያ ንጋት ላይ “ዛሬ አትነሳም” የሚለው ማን ነው? በወረቀት ካየነው ባለቤት አለው። የማሪታይም ዘርፍ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 549/1999 ለፌዴራል ተቋም የአገር ውስጥ የውኃ ትራንስፖርትንም ኃላፊነት ሰጥቷል፤ የዛሬው የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን የዚያ ወራሽ ነው። መቀመጫው አዲስ አበባ ነው። የክልሉ ትራንስፖርት ቢሮ አሶሳ ነው። ውኃውን የሚለቀውና የሚይዘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ስለ ነፋሱ የሚያውቀው የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ ትንበያው ግን ከሁሉ በፊት ለገበሬው ዝናብ እንጂ ለጀልባ ነጂ ነፋስ ተብሎ የሚዘጋጅ አይደለም። አራት ባለቤት ያለው በሬ በክረምት ማን ጋ እንደሚያድር እናውቃለን። አራቱም መሥሪያ ቤቶች ሰነፎች ናቸው አልልም፤ በሐይቁ ዳር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ከእነሱ አንዳቸውም አይገኙም ነው የምለው። እዚያ የሚገኘው ነጂውና የቸኮለው መንገደኛ ነው።

አንድ የማከብረው ወዳጄ ይህን ሐሳብ ሳነሳለት ተቃወመኝ። “መንገድ ለጠፋበት ሰው ፈቃድና ቁጥጥር ስትጭንበት ጀልባዋንም ታሳጣዋለህ” አለኝ። የሚናቅ ክርክር አይደለም፤ የደኅንነት ደንብ በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በክፍያ፣ የሚያልቀውም በጉቦ ነው። ግን የዡላን ነገር ልብ ይሏል፤ በዚያች መርከብ ላይ የተሳፈረው ሕዝብ አማራጭ ስላልነበረው ነው ልኩን ሦስት እጥፍ ሆኖ የተሳፈረው። አማራጭ ያጣ መንገደኛ “ሞልቷል፣ በሚቀጥለው እሄዳለሁ” አይልም፤ የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ አያውቅማ። ስለዚህ የካማሺ መንገድ ክፍት መሆንና ሰላም መገኘቱ ራሱ ከነፍስ አድን ጃኬቱ ያልተናነሰ የሐይቅ ደኅንነት ጉዳይ ነው። ሁለተኛ ጀልባ በሰዓቷ እንደምትመጣ ማወቅም እንዲሁ።

ደንቡም ቢሆን ውድ መሆን የለበትም። በጀልባዋ ጎን የሚቀባ አንድ መስመር ውኃው ከዚያ በላይ ከወጣ ትርፍ መጫኗን ማንም ማንበብ ለማይችል ሰው ሳይቀር ያሳያል፤ እንግሊዞች ከመቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት በሕግ ያስገደዱት ነገር ነው። የተሳፋሪ ስም የሚጻፍበት ደብተር ከመነሻው ቢቀር ጀልባዋ ስትቀር ማን እንደቀረ ይታወቃል። ከሰዓት በኋላ በሚያዝያና በግንቦት ረጅሙን መስመር መከልከል ምንም ወጪ የለውም። ወጪ ያለው ጉቶ የበዛበትን መስመር ለይቶ ምልክት መትከል ነው፤ ውኃው ዝቅ በሚልበት ወቅት ካልተሠራ ደግሞ የሚሠራበት ሌላ ጊዜ የለም።

ነፍስ አድን ጓድ ከአዲስ አበባም ከአሶሳም ተነስቶ በሰዓቱ አይደርስም። ለዡላ መንገደኞች የደረሱት ዓሣ አስጋሪዎቹ ነበሩ፤ ንጋት ላይም ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸው። ዛሬ ከጉባ እስከ ሰዳል በውኃው ላይ የሚያድሩት እነዚህ ወጣቶች ጉቶው የት እንዳለ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነሳ ከማንኛችንም በተሻለ ያውቃሉ። የመጀመሪያዋ የሕዝብ ጀልባ ሪባን ሳይቆረጥላት በፊት አንድ ሰው ሄዶ ቢጠይቃቸው፣ ስልካቸው የማይሠራባቸውን ቦታዎችም አብሮ ቢመዘግብ፣ ለአንድ ሳምንት የውሎ አበል የሚበቃ ሥራ ነው።