ቻጎስን ባዶ ያደረጋት ተፈጥሮ አይደለም

በሕንድ ውቅያኖስ መካከል፣ ከማልዲቭስ በስተደቡብ፣ ቻጎስ የሚባሉ ከ50 በላይ ትናንሽ ደሴቶች አሉ። የአሜሪካ ጦር ሰፈር ካለባት ከዲዬጎ ጋርሺያ በቀር ነዋሪ የላቸውም። ካርታ ለሚያይ ሰው ጥንትም ማንም ያልኖረባቸው ይመስላሉ። ነገር ግን ይህ ባዶነት ሆን ተብሎ በሰነድና በመርከብ የተፈጠረ ነው። ስለዚህ ስለ ደሴቶቹ የሚደረግ ድርድር ሁሉ ከተባረሩት ሰዎች መነሳት አለበት እላለሁ።

ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳውያን ባለርስቶች ከማዳጋስካርና ከሞዛምቢክ በባርነት ያመጧቸውን ሰዎች በኮኮናት እርሻ ላይ ያሠሩ ነበር። ባርነት ሲቀር ልጆቻቸው እዚያው ቀሩ፤ ክሪዮል እየተናገሩ ወለዱ፣ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፣ ሙታናቸውን ቀበሩ። እ.ኤ.አ. በ1965 እንግሊዝ ሞሪሺየስ ነፃነቷን ከማግኘቷ ሦስት ዓመት ቀደም ብላ ደሴቶቹን ከእርሷ ነጠለች፤ በ1966 ደግሞ ለአሜሪካ ጦር ሰፈር ፈቀደች። ሕዝብ እንዳለ ካመነች ለተባበሩት መንግሥታት መልስ መስጠት ነበረባት። ስለዚህ ባለሥልጣናቷ ነዋሪዎቹን ጊዜያዊ ሠራተኞች ብለው ለመመዝገብ ተስማሙ፤ ይህን የተጻጻፉበት ሰነድ በኋላ ይፋ ወጥቷል። እስከ 1973 ድረስ ከ1,500 እስከ 2,000 የሚገመቱ ሰዎች ከደሴቶቹ ተነቀሉ። በመጀመሪያ ለሕክምና ወደ ሞሪሺየስ የሄዱት እንዳይመለሱ ተከለከሉ፤ ቀጥሎ የምግብ አቅርቦቱ እየሳሳ ሄደ። በ1971 በዲዬጎ ጋርሺያ የነዋሪዎቹን ውሾች ኮኮናት በሚደርቅበት መጋዘን ውስጥ ዘግተው በመኪና ጭስ ገደሏቸው። ከዚያ ሰዎቹ በመርከብ ተጭነው ሞሪሺየስና ሲሼልስ ተራገፉ።

«ኮንትራት ሠራተኞች እንጂ የአገሩ ተወላጆች አልነበሩም» የሚል መከራከሪያ እስከ ዛሬ ይሰማል። አያቱና ቅድመ አያቱ የተቀበሩበት ቦታ የተወለደ ሰው ተወላጅ ካልሆነ፣ ማን ነው ተወላጅ? የጸጥታው ክርክር ከዚህ የበለጠ ክብደት አለው፤ ሰፈሩ ለአሜሪካ እጅግ አስፈላጊ መሆኑን የሚክድ የለም። ሆኖም ፔሮስ ባኞስና ሳሎሞን የተባሉት ደሴቶች ከሰፈሩ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። በሰፈሩ ውስጥ ደግሞ ፊሊፒናውያን ሠራተኞች ይኖራሉ፤ ከሩቅ የመጣ ሠራተኛ ለጸጥታ ካላሰጋ የአገሩ ልጅ የሚያሰጋበት ምክንያት አይታየኝም። በ2010 የታወጀው የባሕር ጥብቅ ክልልም ኮራሉንና ዓሣውን ለመጠበቅ ነው ተባለ። በዚያው ዓመት ይፋ የወጣ የአሜሪካ ኤምባሲ መልእክት ግን አንድ የእንግሊዝ ባለሥልጣን ክልሉ የተባረሩትን ሰዎች ጥያቄ እንደሚያዳክም መናገሩን መዝግቧል።

ፍርድ ቤት አልሞከሩም እንዳይባል፣ በ2000 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት መባረራቸው ሕገ ወጥ ነው ብሎ ነበር። መንግሥት በ2004 ፓርላማ ሳይመክርበት በንግሥቲቱ ስም ትእዛዝ አውጥቶ በሩን መልሶ ዘጋው፤ በ2008 የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች 3 ለ2 ደገፉት። የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2019፣ በሶማሊያዊው ዳኛ አብዱልቃዊ ዩሱፍ ፕሬዚዳንትነት፣ እንግሊዝ ደሴቶቹን በአስቸኳይ ልትለቅ ይገባል የሚል ምክረ ሐሳብ ሰጠ። የአፍሪካ ኅብረትም በዚያ ችሎት ከሞሪሺየስ ጎን ቆሞ ተከራክሯል።

በግንቦት 2025 እንግሊዝና ሞሪሺየስ የተፈራረሙት ውል ሉዓላዊነቱን ለሞሪሺየስ ይሰጣል፤ ዲዬጎ ጋርሺያን ግን ለ99 ዓመት በእንግሊዝ እጅ ያቆያል። ሞሪሺየስ በሌሎቹ ደሴቶች ሰው ማስፈር ትችላለች ይላል እንጂ ተፈናቃዮቹ የመመለስ መብት አላቸው አይልም፤ እነርሱም በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ አልነበሩም። ቅኝ ግዛትን መቃወም ባንዲራ በመቀየር ብቻ የሚያልቅ ከሆነ፣ በ1960ዎቹ ያልተጠየቁት ሰዎች ዛሬም ሳይጠየቁ ቀሩ ማለት ነው። ለሞሪሺየስ የተሟገተው የአፍሪካ ኅብረት አሁን ሞሪሺየስን ራሷን ሊጠይቃት ይገባል፤ ወደ ፔሮስ ባኞስና ሳሎሞን መመለስ ለሚፈልጉት መብታቸውን በሕግ ታጽድቅላቸው።