ድንጋዩ ከሰቆጣ፣ ሲሚንቶው ከሩቅ

በዋግ ኽምራ ዞን ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ከአለት ተፈልፍሎ የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ነው። በቀትር ፀሐይ አቀበቱን ሲወጣ የዋለ ምእመን ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ቅዝቃዜው ያሳርፈዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወፍራም አለት ቀን የዋጠውን ሙቀት ቶሎ ወደ ውስጥ አያሳልፍም፣ ሌሊትም ቶሎ አይቀዘቅዝም።

ይህን የድንጋይ ጠባይ የአገሩ ግንበኛ ከጥንት ያውቀዋል። በአጎራባቹ ላስታ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በመዘገባቸው የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አቅራቢያ፣ ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተሠሩ ክብ ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች ይታያሉ። በዋግ ደጋም ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ ቤት ሲሆን ኖሯል። ቀኑ ለሚያቃጥልበትና ሌሊቱ ለሚቆረጥምበት አገር ከዚህ የሚስማማ ግድግዳ ማግኘት ያስቸግራል።

ዛሬ የዕድገት ምልክት ተደርጎ የሚታየው ግን ብሎኬትና ቆርቆሮ ነው። የ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ እንደ ወፍራም ድንጋይ ሙቀት አያቆይም። ሲሚንቶውም የሚገኘው በ1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚነድ ምድጃ ጥሬ ዕቃው ተቃጥሎ ነው። ከዚያ በከባድ መኪና ተጭኖ፣ ስንት ዳገትና ቁልቁለት አልፎ ሰቆጣ ሲደርስ ዋጋው የነዳጁንም ይጨምራል። ድንጋዩ ግን እዚያው ደጅ ላይ ነው፤ የሚከፈለው ገንዘብም ከጠራቢውና ከግንበኛው እጅ፣ ከዚያው ከሰቆጣ ገበያ አይወጣም።

ማንም ወደ ሳር ክዳን ይመለስ ማለት አይደለም። ሳሩ ጠፍቷል፣ እሳትም ይፈራል፤ ቆርቆሮ ዝናብ አያስገባም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ችግሩ ቆርቆሮው ብቻውን ሲቀር ነው። ለምሳሌ ኮርኒስ በሌለው የመማሪያ ክፍል ቀትር ላይ ግለቱ በቀጥታ በተማሪው ራስ ላይ ይወርዳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መምህሩ ድምፁ አልሰማ ብሎት ጠመኔውን አስቀምጦ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በቡርኪና ፋሶ ጋንዶ በተባለች መንደር አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠራ። ግድግዳውን በሸክላ አፈር ጡብ ገነባ፣ ጣሪያውንም በጡብ ኮርኒስ ሸፈነ፤ ቆርቆሮውን ከኮርኒሱ ከፍ አድርጎ በመሐላቸው ነፋስ እንዲያልፍ አደረገ። ግንባታው ላይ የመንደሩ ሰው ራሱ ተሳተፈ። ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 በሥነ ሕንፃ ትልቁን የፕሪትዝከር ሽልማት አግኝቷል። ጋንዶ በጭቃ የሠራችውን ሰቆጣ በድንጋይ የማትሠራበት ምክንያት የለም።

ወደ መኖሪያ ቤቱ ስንመለስ ደግሞ ትልቁ የኃይል ወጪ ያለው ማድቤት ውስጥ ነው። 300 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የተከዜ ግድብ የዋግ ኽምራ ጎረቤት ቢሆንም፣ በገጠሩ እንጀራ የሚጋገረው በማገዶና በኩበት ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ተቀላቅሎ የሚሠራው ምርጥ የተባለው ምድጃ እሳቱን ከምጣዱ ሥር ከብቦ ስለሚይዝ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ጭሱንም ያቀላል። ከሩቅ የመጣች ሲሚንቶ ዋጋዋን የምትመልሰው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ አንዲት እናት ለእንጨት ለቀማ የምትሄድበትን መንገድ ታሳጥራለችና።

የድንጋይ ቤትም ጉድለት አለው። ጭቃው በዝናብ ይታጠባል፣ ማእዘኑ በወጉ ካልታሰረ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ሥራውም ጊዜ ይወስዳል። ሲሚንቶ መዋል ያለበት ለዚህ ነው፦ ለመሠረቱ፣ ለማሰሪያውና ለመገጣጠሚያው። ግድግዳውን በሙሉ በሲሚንቶ ማቆም ግን ብክነት ነው።

በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት የተጎዱ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች በሚጠገኑበት በዚህ ወቅት የዞኑ አስተዳደር፣ የክልሉ ቢሮዎችና ረጂ ድርጅቶች ዲዛይን ሲያጸድቁ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ግድግዳው ከአካባቢው ድንጋይ ነው? ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስና የአየር መተላለፊያ አለ? ማድቤቱ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና የጭስ መውጫ ተሠርቶለታል? ሦስቱንም ያላሟላ ዲዛይን ለዋግ ኽምራ አይመጥንምና ሳይፈረምበት ይመለስ።