ለጃናሞራ ሰው አንድ ክሊፕ ስንት ያወጣል?

ጎንደርም ሆነ ገጠር፣ ሰገራው ላይ ደም ያየ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር ያው ነው፦ «ኪንታሮት ነው፣ ተወው።» ደባርቅ ያለው አጎቴም ሁለት ዓመት ተወው። በኋላ በኮሎኖስኮፒ ሲታይ ኪንታሮት አልነበረም፤ ትልቁ አንጀቱ ውስጥ የበቀለ ፖሊፕ ነው።

ፖሊፕ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። አንዳንዱ ግን ከተተወ በዓመታት ውስጥ ወደ ካንሰር ይለወጣል። ደስ የሚለው፣ ሆድ ሳይከፈት፣ ካሜራ ባለው ቱቦ ገብተው በሽቦ ቀለበት ቆርጠው ያወጡታል።

ችግሩ ደሙ ነው። ሲቆረጥ ከደማ ሐኪሙ አድሬናሊን ይወጋል፣ በሙቀት ይተኩሳል፣ ወይም በትንሽዬ የብረት ክሊፕ ቁስሉን ቆንጥጦ ይዘጋል። አጎቴን ያየው ሐኪም ማሽኑ ነበረው፤ ክሊፕ ግን አልነበረውም። «ትልቅ ነው፣ ያለ ክሊፕ አልነካውም» ብሎ ወደ አዲስ አበባ ላከው። አልፈረድኩበትም።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ተደጋጋፊ ዕቃዎች የሚባሉ ነበሩ፤ እንደ መኪናና ነዳጅ። ክሊፕ የኮሎኖስኮፒ ነዳጅ ነው። ከውጭ በዶላር ይገዛል፣ አንዴ ብቻ ያገለግላል። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የዶላር ዕቃ ምን ያህል እንደከበደ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ክሊፑን ቆጥቦ በውድ የተገዛን ማሽን ማስቀመጥ ቁጠባ አይደለም።

ደሙ ደግሞ ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላም ሊመጣ ይችላል፤ እስከ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ 2 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ፖሊፕ የወጣላቸውን 919 ሰዎች ያየ ጥናት አለ። ቁስላቸው በክሊፕ ከተዘጋላቸው 3.5 በመቶው፣ ካልተዘጋላቸው 7.1 በመቶው ዘግይቶ ከባድ ደም ፈሷቸዋል። ጥቅሙ በተለይ በቀኝ በኩል ላለው አንጀት ነው።

ኒውዮርክ ያለ ሰው እንዲህ ከደማ አምቡላንስ ይጠራል። የጃናሞራ ሰው ግን መጀመሪያ ደባርቅ መድረስ አለበት፣ ከዚያ ጎንደር ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ። ስለዚህ ያቺ ክሊፕ ከማንም በላይ የምትጠቅመው ለደገኛው ነው። በመጨረሻ የምትደርሰው ግን ለእሱ ነው።

ማሽን ሲገዛ ክሊፑም በዚያው ጨረታ ይገዛ። ከሩቅ የመጣ ታካሚ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ይጠየቅ፤ ሲሸኝም ለሁለት ሳምንት ስልክ ይደወልለት። አንተም፣ አንቺም፦ እናታችሁ «ኪንታሮት ነው» ካሉ፣ እሺ ብላችሁ አትለፉ፤ ይዛችኋቸው ሂዱና አስመርምሩ።