የውሎ አበል ወይስ የተቆረሰ ደመወዝ?

የሠርቶ አደሩ ደመወዝ በየወሩ እጁ ላይ ከሚቆጠረው ገንዘብ የሰፋ ነገር ነው። ከጉልበቱ ዋጋ አንዱ ክፍል ዛሬ ለዳቦ፣ ለቤት ኪራይና ለልጆች ልብስ ይውላል። ሌላው ክፍል ክንዱ በሚዝልበትና ዓይኑ በሚደክምበት ዕድሜ፣ ወይም በሥራ ላይ ሳለ አደጋ ሲደርስበት የሚመለስለት ተቀማጭ ነው። አሠሪው የመጀመሪያውን ክፍል ቢነካ ሠራተኛው ወዲያው ያውቃል። ሁለተኛውን ቢነካ ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ጡረታ ሊወጣ ሲል ነው። በአሜሪካ አገር ለከባድ መኪና ሾፌሮች የሚቀርበው የውሎ አበል ጥያቄ ስለዚሁ ሁለተኛ ክፍል የሚነሣ ነው።

ጉዳዩ ለሠፈራችን ማኅበርተኛ ባዕድ አይደለም። ከመካከላችን ወጥተው በዚያ አገር ረጅሙን መንገድ የሚነዱ ወንድሞችና ልጆች ጥቂት አይደሉም። ሥራ ሲጀምሩ በቅጥር ቢሮ ውስጥ አንድ ቅጽ ይሰጣቸዋል፤ «ከአበል ጋር ወይስ ያለ አበል?» የሚል። ብዙዎቹ የሚመልሱት በቆሙበት ነው። እኛ ግን ጥያቄው ወረቀትና እርሳስ ተይዞ ሊመረመር ይገባል እንላለን።

በቅድሚያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግለጽ (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከቤቱ ርቆ የሚያድር ሾፌር ለምግቡና ለጥቃቅን ወጪው ገንዘብ ያስፈልገዋል። የአገሪቱ የግብር ሕግ ይህን ወጪ ከግብር ነፃ ያደርገዋል፤ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮም ለትራንስፖርት ሠራተኛ የተፈቀደው ልዩ ተመን በአገር ውስጥ ጉዞ በቀን 80 ዶላር ነው። ቀድሞ ተቀጣሪው ሾፌር ወጪውን ራሱ መዝግቦ በዓመቱ መጨረሻ ከገቢው ላይ ያስቀንስ ነበር። በዲሴምበር 2017 የወጣው የግብር ሕግ ይህን መብት ከ2018 ጀምሮ ከተቀጣሪው ወሰደ፤ የ2025ቱ ሕግም ክልከላውን ዘላቂ አደረገው። በራሱ መኪና የሚሠራው ግን መብቱ አልተነካበትም። እንግዲህ ለተቀጣሪው የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ኩባንያው አበል ብሎ ሲከፍለው መቀበል። የምርጫው ቁልፍ ከሠራተኛው እጅ ወጥቶ አሠሪው ኪስ ውስጥ ገባ።

ቅርጹና ይዘቱ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱ ራሱ በ2012 ባወጣው ውሳኔ፣ ሊከፈል የሚገባውን ደመወዝ ስሙን ብቻ ለውጦ አበል ማለትን አይቀበልም። ሆኖም ሾፌሩ ሲቀጠር የሚነገረው የማይል ተመን ብዙ ጊዜ አንድ ጠቅላላ አኃዝ ሲሆን፣ አበሉ የሚቆረሰው ከዚያው ውስጥ ነው። ቅርጹ አበል ይሁን እንጂ ይዘቱ ሾፌሩ በላቡ ያገኘው ደመወዝ ነው፤ በዚህ ረገድ ኩባንያው ያከለለት አንዳችም ነገር የለም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቤተሰብ የሌለው ሾፌር በዓመት 100,000 ማይል ይነዳል፤ ለማይሉ 60 ሳንቲም ይከፈለዋል፤ ጠቅላላው 60,000 ዶላር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 12 ሳንቲሙ፣ ማለትም 12,000 ዶላሩ፣ አበል ይባልለት። ለማኅበራዊ ዋስትናና ለሜዲኬር ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7.65 በመቶ ስለሆነ 918 ዶላር ይቀርለታል። በ2025 ሕግ የፌዴራል የገቢ ግብሩ በዚህ ደረጃ 12 በመቶ ነውና 1,440 ዶላር ይጨመርበታል። የግዛቱን ግብር ሳናስብ፣ በድምሩ 2,358 ዶላር በዓመት እጁ ላይ ይቀራል። ይህ የሚናቅ ገንዘብ አይደለም፤ «አበሉን ተቀበል፣ ሞኝ አትሁን» የሚሉት ባልንጀሮቹም ከመሬት ተነሥተው አይደለም የሚናገሩት።

ነገር ግን ኩባንያውም ሒሳቡን ሠርቷል። አሠሪው በበኩሉ የሚያዋጣውን 7.65 በመቶ ያስቀራል፤ በሌላ በኩል ከአበሉ ውስጥ በወጪነት የሚያዝለት 80 በመቶው ብቻ በመሆኑ ጥቂት ይጎዳል። ይህን ለማካካስ አንዳንድ ኩባንያዎች አበል ከሚወስደው ሾፌር ላይ በማይል አንድ ወይም ሁለት ሳንቲም ይነቅላሉ። «የአስተዳደር ወጪ» ይሉታል! ሁለት ሳንቲም ሲነገር ትንሽ ነው። በ100,000 ማይል ግን 2,000 ዶላር ነው። ከላይ የጠቀስነው ሾፌር በ58 ሳንቲም ቢነዳ፣ ከግብር በኋላ የሚተርፈው ጥቅም ከ2,358 ወደ 751 ዶላር ይወርዳል። ኩባንያው ግን ከተነቀለው ሳንቲምና ካልከፈለው መዋጮ፣ የትርፍ ግብሩ ሳይታሰብ፣ 3,071 ዶላር ያተርፋል። ለሠራተኛው ጥቅም ታሰበ የተባለው አሠራር ለአሠሪው አራት እጥፍ ሲያስገኝ ለማን እንደታሰበ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

ወደ እርጅናው እንምጣ። የዚያ አገር የማኅበራዊ ዋስትና ጡረታ የሚሰላው ሰው መዋጮ በከፈለባቸው 35 ከፍተኛ ዓመታት አማካይ ነው። ዓመቶቹ 35 ካልሞሉ የጎደሉት በዜሮ ይሞላሉ። አበል መዋጮ ስለማይከፈልበት በዚህ መዝገብ ላይ አይጻፍም። እዚያው ተወልዶ በሃያ ዓመቱ ሥራ ለጀመረ ሾፌር ይህ ብዙ ላያስጨንቅ ይችላል፤ ዘግይቶ የሄደውን ወገናችንን ግን በቀጥታ ይመለከተዋል። ምክንያቱም ቀመሩ ለዝቅተኛው አማካይ ገቢ የበለጠ ይመልሳል፤ በ2025 ቀመር ከወር አማካዩ የመጀመሪያዎቹ 1,226 ዶላሮች 90 በመቶ፣ ቀጥሎ ያለው 32 በመቶ ይታሰባል። ጥቂት ዓመት ብቻ ያለው ሠራተኛ የሚያዋጣው እያንዳንዱ ዶላር በርካታ ዓመት ካለው ሰው ዶላር የሚበልጥ ጡረታ ይገዛል ማለት ነው። አበሉ የሚነካበት ደግሞ ይህንኑ ዶላር ነው።

ከሃምሳ ዓመቱ በኋላ ሄዶ አሥር ዓመት ብቻ ነድቶ ጡረታ የሚወጣ ሰው እናስብ፤ የዓመታቱን የደመወዝ ዕድገት ማስተካከያ ለጊዜው እንተወው። ሙሉው 60,000 በደመወዝ ቢከፈለው ጡረታው በወር 1,168 ዶላር ገደማ ነው። በ12,000 ዶላር አበል ግን 1,029 ገደማ ይሆናል። ተመኑ ሳይነካ አበል ከተከፈለው፣ በአሥሩ ዓመት ያተረፈው 23,580 ዶላር የጡረታውን ጉድለት አሥራ አራት ዓመት ያህል ይሸፍንለታል፤ ያውም ሳይነካው ካስቀመጠው ነው። ሁለት ሳንቲም ተነቅሎበት ከሆነ ግን ትርፉ 7,510 ዶላር ብቻ፣ ጉድለቱ ደግሞ የበለጠ ስለሚሆን፣ ያጠራቀመው ገንዘብ ጡረታ ከወጣ ሦስት ዓመት ተኩል እንኳ ሳይሞላ ያልቃል።

አደጋስ? በብዙዎቹ ግዛቶች በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ የሚከፈለው ካሣ የሳምንት ደመወዙ ሁለት ሦስተኛ ነው። አበሉን በማይቆጥር ግዛት የእኛ ሾፌር በሳምንት 769 ዶላር ማግኘት ሲገባው 615 ብቻ ያገኛል። ከሥራ ሲሰናበት የሚከፈለው ድጎማም በዚሁ ልክ ይቀንሳል፤ ቤት ለመግዛት ባንክ ሲሄድም በዓመቱ የደመወዝ ማስረጃ ላይ የሚነበብለት 60,000 ሳይሆን 48,000 ነው።

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን አበልን በጅምላ እምቢ በሉ አንልም። ተመኑ በአንድ ሳንቲም ሳይነካ አበል የሚቀርብለት፣ ያተረፈውንም በየወሩ ለብቻው የሚያስቀምጥ ሾፌር ቢቀበል አይሳሳትም። 35 ዓመቱን በጥሩ ደመወዝ የሞላ ሽማግሌም እንዲሁ። ተመኑ የሚቀነስ ከሆነ ግን አቋማችን ግልጽ ነው፤ አይቀበል። ሁለት ተመኖች በጽሑፍ ጎን ለጎን ካልተሰጡትም አይፈርም። በተለይ ልናሳስብ የምንወደው፣ ኪራይ ለማትረፍ ቤቱን ለቅቆ ዓመቱን በሙሉ መኪናው ውስጥ የሚያድረውን ነው። ሕጉ እንዲህ ያለውን ሰው ቤት እንደሌለው ስለሚቆጥረው፣ ከቤት ርቆ ላደረበት የሚሰጠው ነፃነት አይገባውም፤ የወሰደው አበል ኋላ ግብር ሊጠየቅበት ይችላል።

ሾፌሩ በቅጥር ቢሮ ውስጥ ብቻውን ቆሞ እንዲወስን ያደረገው ምንድን ነው? ከ1938 ጀምሮ የአገሪቱ የሥራ ሰዓት ሕግ የረጅም መንገድ ሾፌርን ከትርፍ ሰዓት ክፍያ አግልሎታል። በ1964 የሾፌሮች ማኅበር አገር አቀፍ የጭነት ስምምነት በተፈረመ ጊዜ የደመወዝ ጉዳይ በኅብረት ጠረጴዛ ላይ ደርሶ ነበር። በ1980 የወጣው የጭነት ማጓጓዣ ሕግ ገበያውን ለነፃ ውድድር ሲለቀው ማኅበር የሌላቸው ኩባንያዎች በረከቱ፤ የኅብረቱም ድርድር ተዳከመ። ዛሬ አበልን የሚመለከተው ውል በአመዛኙ በአንድ ሾፌርና በአንድ ኩባንያ መካከል የሚፈረም ቅጽ ሆኗል።

የጅቡቲን መንገድ የሚነዳው የእኛው ሾፌርም ከዚህ የሚማረው አለ። በአገራችን የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ መዋጮ፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ የሚታሰበው በመነሻ ደመወዙ ላይ ነው፤ የውሎ አበል አይገባበትም። ስለዚህ የሾፌሮች የሠራተኛ ማኅበራት ለኅብረት ስምምነት ሲቀርቡ «አበሉ ስንት ይጨመር?» ከማለታቸው በፊት፣ ከሚጨመረው ምን ያህሉ በመነሻ ደመወዝ ላይ እንደሚያርፍ በአኃዝ ይጠይቁ።