ጥለቱ የማን ነው?

ሰሞኑን ማታ ስልኬን ስጎረጉር አንድ ቪዲዮ ላይ ዓይኔ ቀረ። አንዲት ሴት ምንጣፍ አንጥፋ ተንበርክካለች። ድሩ በአንድ በኩል ዛፍ ላይ ታስሯል፤ በሌላ በኩል ደግሞ በሰፊ ቀበቶ ከወገቧ ጋር ተያይዟል። ወደ ኋላ ገፋ ስትል ክሩ ይወጠራል፤ ወደ ፊት ስታዘነብል ይላላል። ሞተር የለ፣ መርገጫ የለ። ዕቃው ጥቂት እንጨትና የራሷ ገላ ነው። የጓቲማላ የማያ ሸማኔ ናት።

ላይክ አድርጌ አለፍኩ። ብዙም ሳይቆይ ያው ስልኬ ማስታወቂያ አመጣልኝ፤ እሷ ከምትሠራው ጋር የሚመሳሰል ጥለት ያለበት የእጅ ቦርሳ። ዋጋው አለ፣ የድርጅቱ ስም አለ። የሸማኔዋ ስም ግን የለም፣ የመንደሯም የለም። እንግዲህ ጥለቱ የማን ነው?

የማያ ሴቶች ከላይ የሚለብሱት ጥበብ ዊፒል ይባላል። ጥለቱ አልቆ ካበቃ ጨርቅ ላይ የሚጠለፍ እንዳይመስላችሁ። ሸማኔዋ እየሸመነች ባለቀለም ክር በጣቷ እየለቀመች ድሩ መሃል ታስገባለች። ብዙዎቹ የተሣለ ንድፍ አያዩም፤ ቆጠራው ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። ጥሩ ዊፒል ወራት ይፈጃል። በተለምዶ እያንዳንዱ አካባቢ የራሱ ቀለምና ቅርጽ አለው፤ የሚያውቅ ሰው አይቶ “ይቺ የቺቺካስቴናንጎ ናት፣ ያቺ የነባህ” ብሎ ይለያል። እኛ ጋ መጠቅለያው ላይ የሚቀመጠው ባብዛኛው ወንድ ነው፣ የምትፈትለው ሴት። እዚያ በወገብ የሚታሰረው ሽመና የሴቶች ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ዕድሜውን ማየት የፈለገ የለንደኑ ብሪትሽ ሙዚየም ውስጥ ያለውን ከያሽቺላን የተወሰደ የድንጋይ የበር ጉበን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ709 የተፈጸመ ሥርዓት የተቀረጸበት ነው። እመቤት ሾክ የተባለችው የቤተ መንግሥት ሴት በጥለት የተሞላ ዊፒል ለብሳ ትታያለች። ቀራጩ የልብሱን ጥለት አንድ በአንድ ድንጋይ ላይ አስፍሮታል። ከ1,300 ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

ይህን ልብስ መልበስ ግን በነፃ የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1996 በዘለቀው የጓቲማላ የእርስ በርስ ጦርነት ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች እንደተገደሉ ወይም ደብዛቸው እንደጠፋ፣ ማንነታቸው ከታወቀው ሰለባዎች 83 በመቶው ማያዎች እንደነበሩ በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ገምቷል። ዊፒል የመጣሽበትን ቦታ ይናገራል ብያለሁ አይደል? ያኔ ይህ ለሞት ሊዳርግ ይችል ነበር። ሸሽተው ከተማ ከገቡት ሴቶች ብዙዎቹ ላለመታወቅ ሲሉ ልብሳቸውን አውልቀው ሌላ ለበሱ።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ንቀቱ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2002 ኢርማ አሊሲያ ቬላስኬዝ ኒማቱህ የተባሉ የማያ አንትሮፖሎጂስት ጓቲማላ ሲቲ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት እንዳይገቡ ተከለከሉ። ምክንያቱ የማያ ልብስ መልበሳቸው ነበር። ያው ልብስ ግን የአገሪቱ የቱሪዝም ፖስተር ላይ ያምራል። ልብሱ ሲፈለግ ለባሿ አትፈለግም። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው።

ታዲያ ጥለቱን ማንም አንስቶ ቦርሳ ላይ ሲለጥፈው ሕግ ምን ይላል? የቅጂ መብት ሕግ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ደራሲው ማን ነው?” ብሎ ነው። አንድ ሰው ወይም አንድ ድርጅት ይፈልጋል፤ ሥራውም የደራሲው ወጥ ሥራ እንዲሆን ይጠብቃል። ስንት ትውልድ እናቶች የተቀባበሉት ጥለት ደግሞ የአንድ ሰው ስም የለውም። ስም የለውም ማለት ባለቤት የለውም ተብሎ ተተረጎመ።

አፌዴስ የተባለው የሳካቴፔኬዝ ሴቶች ማኅበር ይህን አልቀበልም አለ። ቃል አቀባያቸው አንሄሊና አስፑዋክና ሌሎች ሸማኔዎች ሆነው እ.ኤ.አ. በ2016 ጉዳዩን ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ወሰዱ። የሚሉት ቀላል ነው፤ ማኅበረሰቡ በጋራ ደራሲ ተብሎ ይታወቅ፣ ጥለቱን ለንግድ የሚፈልግ ፈቃድ ይጠይቅ፣ ከትርፉም ያካፍል። ፍርድ ቤቱ በ2017 ምክር ቤቱ ሕግ እንዲያወጣ አሳሰበ። ረቂቅም ቀረበ። ረቂቅ ማቅረብና ሕግ ማውጣት ግን ለየቅል ናቸው፤ ነገሩ ዓመታት ተንከባሏል።

“ባህል የጋራ ነው፣ ሁሉም ከሁሉም ይወስዳል” የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ሁለት መንደር አንድ ዓይነት ጥለት ቢኖረው ፈቃጁ ማን ይሆናል የሚለውም ከባድ ጥያቄ ነው። ግን ሴቶቹ “አትልበሱብን” አላሉም፤ እነሱም ሸጠው ነው የሚያድሩት። የጠየቁት ሳይጠየቁ እንዳይወሰድባቸው ነው። የኛን የጤፍ ጉዳይ አስታውሱ። የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ አንድ የኔዘርላንድስ ድርጅት የፈጠራ ባለቤትነት ይዞ ሲገኝ አገሩ ሁሉ ተቆጥቷል፤ የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ውድቅ ሲያደርገውም ተደስተናል። ያኔ “ባህል የጋራ ነው” ያለ ትዝ አይለኝም።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ለእህቴ ሠርግ ቀሚስ ስፈልግ በማሽን የታተመ ጥለት ያለበት ገዛሁ። ዋጋው ከሽመናው እጅግ ያነሰ ነበር፤ ሻጩም “ማንም አይለየውም” አለኝ። እናቴ ግን ጫፉን ገልብጣ አየችና ዝም አለች። ከጀርባው ነጭ ነበር። ጓቲማላም የታተመ ዊፒል ገበያውን እየሞላ ነው። ኪሷ ያልቻለላትን ወጣት አልወቅስም፤ እኔም አልቻለልኝም ነበር። የምወቅሰው የሸማኔዋን ወራት በአንድ ፋይል የሚቀዳውንና አንድ ሳንቲም የማያካፍለውን ነው።

ሕጉን የሚያወጣው የነሱ ምክር ቤት ነው። እጃችን ላይ ያለው ስልክ ግን የኛ ነው። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሼር ስታደርጉ ጥለቱ የየት መንደር እንደሆነ ጻፉበት። ቦርሳው ሲያምራችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ኮመንቱ ላይ “የሸመነችው ማን ናት? ስንት ደረሳት?” ብላችሁ ጠይቁ። ሽሮ ሜዳ ስትሄዱም ይሄንኑ ጠይቁ፤ ጥለቱንም ገልብጣችሁ እዩት። እኔ ሳልጠይቅ ከፍዬ ነው የወጣሁት።