«ኔትወርክ የለም» የሚለው ሰበብ ይብቃ

ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችን ተራ ነገር ይመስል ይሆናል። ይኸውም የትምህርት ቤቶችና የማሠልጠኛ ተቋማት ድረ ገጾች ለምን እንደሚበላሹ፣ ሲበላሹስ ማን መጠየቅ እንዳለበት ነው።

አንድ ተማሪ ውጤቱን ወይም የምዝገባ ማስታወቂያ ለማየት ከገጠር ተነሥቶ ኔትወርክ ወዳለበት ከተማ ይመጣል። የትራንስፖርትና የካርድ ገንዘብ ከፍሏል። ገጹን ሲከፍት ግን የሚያየው አንድ ቁጥርና ሁለት ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። ደውሎ ቢጠይቅ «ኔትወርክ የለም፣ ነገ ሞክር» ይባላል። ነገ ደግሞ ምዝገባው ያልቃል። እንግዲህ ይህ የሰው ዕድል ነው፤ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ የምለው፣ ይህ መልስ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል አይደለም። እንዴት ቢባል፣ ኔትወርክ በእርግጥ ከሌለ ገጹ ጭራሽ መልስ አይሰጥም። ቁጥር ከታየ ግን ጥያቄው ከሰርቨር ደርሶ መልስ ይዞ ተመልሷል ማለት ነው። ቁጥሩ ራሱ ለባለቤቱ የተላከ ደብዳቤ ነው። ታዲያ ደብዳቤውን ሳያነቡ ፖስተኛውን መውቀስ ምን ይሉታል?

እስቲ ደብዳቤዎቹን እንያቸው። 404 ማለት ሰርቨሩ አለ፣ የተፈለገው ገጽ ግን በዚያ አድራሻ የለም ማለት ነው። ጠያቂው አድራሻውን ተሳስቶ ጽፎት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ባለቤቱ ፋይሉን አንሥቶ ወይም ስሙን ቀይሮ አዲሱን ቦታ ሳይጠቁም ቀርቶ ነው። ቤት የለወጠ ሰው በበሩ ላይ አዲሱን አድራሻ እንደሚለጥፍ ሁሉ፣ የድረ ገጽ ባለቤትም 301 በተባለው ትእዛዝ የድሮውን አድራሻ ወደ አዲሱ ማዞር አለበት። በብዙ ሰርቨሮች ላይ የእንግሊዝኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደ ሁለት ልዩ ልዩ ስም መቆጠሩም ሌላው የ404 ምክንያት ነው። 403 ደግሞ ገጹ አለ፣ መግባት ግን ተከልክሏል ማለት ነው፤ የፋይሉ ፈቃድ መስተካከል ይኖርበታል።

500 ከሆነ ጥፋቱ ከውስጥ ነው። በመጀመሪያ የሚታየው የሰርቨሩ የስሕተት መዝገብ ነው፤ ከዚያም «ከመበላሸቱ በፊት መጨረሻ የተቀየረው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። በዎርድፕሬስ በተሠሩ ገጾች ላይ አዲስ የተጨመረ ወይም የታደሰ ተቀጥላ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ምክንያት ይሆናል፤ እሱን ማቆም ነው። ዲስኩ ሞልቶም እንደሆነ ማየት ነው። 503 እና 504 ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሰርቨሩ ሥራ በዝቶበታል የሚሉ ናቸው። ውጤት በሚለቀቅበት ዕለት ይህ መድረሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው! ውጤቱን አስቀድሞ ባለቀ ገጽ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ወይም በየክፍሉ ከፋፍሎ መልቀቅ ጭነቱን ያቀልላል።

የእኛ ፊደልም የራሱ ችግር አለው። ጽሑፉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ የአንባቢው መሣሪያ የግእዝ ፊደል የለውም። ትርጉም የሌለው የፈረንጅ ፊደል ድርድር ከሆነ ገጹ ዩቲኤፍ 8 መሆኑ በትክክል አልተነገረም። የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ ይብሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ ገና መረጃ ቋት ውስጥ ሲገባ ጠፍቷል፤ ከመጠባበቂያ ካልሆነ አይመለስም። ፊደላችን በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ «አማርኛ አይቀበልም» የሚለው ምክንያት አይሠራም።

አንዳንዶች «የውጭ አገር ትልልቅ ድርጅቶችም ይሳሳታሉ» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ ማይክሮሶፍት የፓስፖርት አገልግሎቱን የዶሜይን ስም ማሳደስ ረስቶ ብዙ ሰዎች ሆትሜይል መግባት አቅቷቸው ነበር፤ ሒሳቡን 35 ዶላር ከኪሱ የከፈለው አንድ የውጭ ፕሮግራመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ጥር 31 ቀን ጊትላብ በተባለው ድርጅት አንድ ባለሙያ ዋናውን የመረጃ ቋት በስሕተት ሰረዘ። መጠባበቂያ ይሆናሉ የተባሉት አምስት መንገዶች ሲፈተሹ አንዱም እንደታሰበው አልሠራም፤ የስድስት ሰዓት ያህል መረጃ ጠፋ። ድርጅቱ ግን ጥፋቱን አልደበቀም፣ ዝርዝሩን ለሕዝብ ጻፈ። እኛም መማር ያለብን ከዚህኛው ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ሐሳቤን ላቅርብ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ድረ ገጽ በስም የታወቀ አንድ ኃላፊና አንድ ተተኪ ይኑረው። የይለፍ ቃሉና የዶሜይኑ ምዝገባ በግለሰብ ኢሜይል ሳይሆን በተቋሙ ስም ይያዝ፤ ሰውየው ሲዛወር ቁልፉ አብሮት መሄድ የለበትም።

ሁለተኛ፣ የዶሜይኑና የደኅንነት ሰርተፊኬቱ ማብቂያ ቀን በግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ቀኑ የሚጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ወደ እኛው ተመልሶ ይጻፍ። ሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ መስጠት ሲጀምር የሰርተፊኬቱን ዕድሜ 90 ቀን ያደረገው፣ አንዱም ምክንያት፣ እድሳቱ በራሱ በማሽኑ እንዲከናወን ለማበረታታት ነው፤ ይህን ማስተካከል የአንድ ጊዜ ሥራ ነው። የማስጠንቀቂያ ገጹ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ከታየ ግን ሰዓቱንና ቀኑን ተመልከቱ። የውስጥ ባትሪው የሞተ ኮምፒዩተር መብራት ሲጠፋ ቀኑን ይስታል፤ ደኅናውን ሰርተፊኬትም ይጠራጠራል።

ሦስተኛ፣ መጠባበቂያ ቅጂ በየሳምንቱ ይወሰድ፤ መውሰድ ብቻ ሳይሆን በየጊዜው መልሶ በመክፈት ይሞከር። አራተኛ፣ የስሕተቱ ገጽ በአማርኛ ይጻፍ፤ «ገጹ አልተገኘም፤ በዚህ ስልክ ይጠይቁ» ቢል ከሩቅ የመጣው ተማሪ ባዶ እጁን አይመለስም።

እኛ ሠልጣኞችስ? «አይሠራም» ብሎ ማጉረምረም ብቻውን ዋጋ የለውም። ቁጥሩን፣ አድራሻውንና ሰዓቱን ጽፈን ለኃላፊው እናቅርብ። ነገ ተመርቀን በየትምህርት ቤቱ ስንመደብ «አንተ ወጣት ነህ፣ አንቺ ኮምፒዩተር ታውቂያለሽ» ተብሎ ድረ ገጹን የምንረከብ እኛው ነን። ተማሪ ጥያቄ ጠይቆ መምህሩ «ጊዜ የለኝም» ቢለው እናዝናለን። መልስ የማይሰጥ ድረ ገጽም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ «ኔትወርክ የለም» ከማለታችን በፊት ቁጥሩን እናንብብ። መምህራኖቻችንም የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍለ ጊዜ ላይ ይህን ቢያስተምሩን መልካም ነው እላለሁ። የተለየ አስተያየት ያለው ይጻፍ፤ ሰሌዳው ክፍት ነው።