ለእንግዳ የሚታወጅ መንገድ ለባለቤቱ ለምን ይደበቃል?

በየዓመቱ የካቲት ሲገባ የአፍሪካ መሪዎች ለኅብረቱ ጉባዔ አዲስ አበባ ይመጣሉ። እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት ፖሊስ መግለጫ ያወጣል። መግለጫው ጥንቅቅ ያለ ነው። ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያም ወደ ቤተ መንግሥቱና ወደ ሜክሲኮ የሚወስዱት መንገዶች አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራሉ። እንግዶች ሲያልፉ የሚዘጋው ይህ ነው፣ አሽከርካሪዎች በዚህና በዚያ በኩል ሂዱ፣ መንገድ ዳር መኪና ማቆም ክልክል ነው ይባላል። በሬዲዮ ይነበባል፤ በቴሌቪዥን ይነገራል፤ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ለደመራም፣ ለጥምቀትም፣ ለኢሬቻም፣ ለታላቁ ሩጫም እንዲሁ ነው። እንግዲህ «መንገድ ሲዘጋ ቀድሞ መናገር አይመችም» የሚለን ባለሥልጣን ካለ አንሰማውም። እንደሚመች በየዓመቱ በዓይናችን እያየን ነው።

የማይመቸው ለማን ሲሆን ነው? ለሰኞ ጠዋቱ ሰው! ለመሪ የሦስትና የአራት ቀን መዘጋት የሚታወጅባት ከተማ፣ ለወራት የሚቆፈር መንገድ ሲሆን አፏን ትለጉማለች። ሰውየው ማታ በታክሲ ያለፈበት መንገድ ጠዋት ሲመለስ በቆርቆሮ ታጥሮ ይጠብቀዋል። ወያላው «መንገዱ ተዘግቷል፣ እዚህ ውረዱ» ይላል። እስከ መቼ ነው የተዘጋው? ወያላው አያውቅም። ትራፊኩም እጁን እያወዛወዘ «በዚያ በኩል ዙሩ» ከማለት በቀር የሚጨምረው የለውም። ከአጥሩ ውስጥ የሚሠራው የቀን ሠራተኛማ ምን አድርግ ይባላል? በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን «ለትብብራችሁ እናመሰግናለን» የሚል ማስታወቂያ ይመጣል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ነገሩን በቅጡ እንየው። ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ሲገለብጣት ቆይቷል። ፒያሳ ፈረሰች፤ በ2017 መግቢያ ላይ ደግሞ ካዛንቺስ ተከተለች። አራት ኪሎ፣ መገናኛ፣ ቦሌ፣ ሜክሲኮ፣ ሳር ቤት... ያልተቆፈረ ሰፈር መጥራት ይከብዳል። ያማረውን አላማረም አንልም። እግረኛ በነፃነት የሚራመድበት ሰፊ መንገድ በብዙ ቦታ ተሠርቷል፤ ሽቦውም ወደ መሬት ገብቷል፤ ማታ ማታ መብራቱ ደስ ይላል። ለብስክሌትም መስመር ተሰምሮለታል። (ብስክሌቱን የሚነዳው ሰው ሲመጣ ደግሞ እናያለን።) ልማት የሚጠላ ሰው ስላለ አይደለም ይኼን የምንጽፈው። ሥራው «ቀንና ሌሊት ሳይል» መሠራቱን ባለሥልጣናቱ ይኮሩበታል፤ ይኩሩበት። ግን ቀንና ሌሊት የሚሠራ መሥሪያ ቤት ነገ የትኛውን መንገድ እንደሚቆፍር ዛሬ አያውቅም ብሎ ማን ያምናል? ማሽኑ ተከራይቷል፣ አሸዋው ተጭኗል፣ ሠራተኛው ተቀጥሯል። ዕቅዱ አለ ማለት ነው። ያልተቀጠረው የሚናገር ሰው ብቻ ነው።

ደግሞ ይኼ ጠባይ የዛሬ ብቻ አይደለም። ይህች ከተማ አስፋልት ተነጥፎ ገና ሙቀቱ ሳይበርድ ውሃ ቆፍሮ ቧንቧ ሲቀብርባት፣ ቴሌ ተከትሎ ገመድ ሲያልፍባት፣ መብራት ኃይል ምሰሶ ሲተክልባት የኖረች ናት። ቀለበት መንገድ ሲሠራ አንድ ሰፈር ለሁለት ተከፈለ፤ ጎረቤቱን ለመጠየቅ የእግረኛ ድልድይ ፍለጋ የሚንከራተተው ሰው ነበረ። ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምርም እንዲሁ ሆነ። ባቡሩ በሁለት ብር፣ በአራት ብርና በስድስት ብር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ ሕዝቡን አመላልሷል፤ ይህን ውለታ አንክድም። ነገር ግን ሐዲዱ ብዙ መሻገሪያ ዘጋ፤ መኪናው ለመዞር፣ እግረኛው ለመሻገር ሩቅ እንዲሄድ ተፈረደበት። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት በየጊዜው እየቆሙ ሰልፉ ወደ ታክሲው ተመለሰ። መንገዱን የዘጋው ሐዲድ ግን ባቡሩ ባይመጣም እዚያው ነው።

ታዲያ የከተማው ነዋሪ ምን ያደርጋል? ራሱ የትራፊክ መሥሪያ ቤት ሆኗል እንጂ! ማታ ራት ሳይበላ ለጓደኛው ይደውላል፤ «ዛሬ በየት ነው የገባኸው? በሃያ ሁለት በኩል ይሻላል ወይስ በቦሌ?» ይለዋል። የሰፈሩ ሰው በቴሌግራም እየተጻጻፈ የተዘጋውን ለይቶ ይነጋገራል። ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሮ ለመግባት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚነሳው ሰው ስንት ነው! ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ ወደ ሥራ የምትሄድ እናት ሁለቱን ጉዞ የምታሰላው በደቂቃ ነው፤ መሐል ላይ አንድ ያልተነገረ አጥር ሲገጥማት ሁለቱም ይበላሹባታል። መሥሪያ ቤቷ የፊርማ መዝገቡን ያነሳል። «መንገድ ተዘግቶብኝ ነው» ብትል አለቃዋ «መንገዱ ለሁሉም ነው የተዘጋው» ይላታል። እውነቱን ነው፤ ለሁሉም ነው የተዘጋው። የደመወዝ ቅጣቱ ግን ለሁሉም አይደለም፤ ሹፌር ያለውን አይመለከትም።

ከሁሉ የሚያንገበግበው የታክሲ ሒሳቡ ነው። ታሪፍ የሚወጣው በኪሎ ሜትር ነው። መንገድ ተዘግቶ ታክሲው በውስጥ ለውስጥ ሲዞር ኪሎ ሜትሩ ይረዝማል፤ በየጉድጓዱ እየቆመ የሚያቃጥለው ነዳጅ ይጨምራል፤ ታሪፉ ግን የድሮው ነው። ነዳጁም ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማው ቀስ በቀስ እየተነሳለት ዋጋው ሲወጣ ነው የኖረው። ባለታክሲው ምን ያድርግ? በኪሣራ አይሠራም። ስለዚህ መስመሩን ይቆርጠዋል። በታፔላው ላይ ከአያት ሜክሲኮ የሚል ታክሲ መገናኛ ላይ «መጨረሻ!» ብሎ ያራግፋል፤ እዚያው ሌላ ሰው በሌላ ሒሳብ ይጭናል። ተሳፋሪው አንዱን መንገድ በሁለት ሒሳብ ይሄዳል፤ ሰልፉንም ሁለት ጊዜ ይሰለፋል። ባለታክሲውን መስደብ ይቀላል። ትራፊክ ሲይዘው ይቀጣዋል፤ ቅጣቱንም መልሶ ከተሳፋሪው ኪስ ያወጣዋል። ይህን ክር ከመጀመሪያው የፈታው ግን ባለታክሲው አይደለም፤ መንገዱን ዘግቶ ለተለዋጩ መንገድ ታሪፍ ያላወጣው አካል ነው።

«ተለዋጭ መንገድ» የሚባለውንስ አይታችሁታል? ብዙ ጊዜ ሰፈርተኛው አዋጥቶ ያሠራው፣ ለሁለት የቤት መኪና መተላለፊያ የሚጠብ የኮብልስቶን መንገድ ነው። ባንድ ጊዜ ሃይገሩም፣ ሲኖትራኩም፣ ሚኒባሱም ይለቀቅበታል። ድንጋዩ በወር ውስጥ ይነቃቀላል። ሕፃናት ከትምህርት ቤት የሚወጡበት በር ላይ የጭነት መኪና ወደኋላ ይነዳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ የተቆፈረው ሁሉ ውሃ ይሞላል፤ ጉድጓዱ የቱ፣ መንገዱ የቱ እንደሆነ ማታ አይለይም። በዚህች ከተማ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር ነው። ቁፋሮው ግን መጀመሪያ የሚወስደው የእግረኛውን ዳር ነው፤ እግረኛውም ከመኪናው ጋር ትከሻ ለትከሻ አስፋልት ላይ ይጋፋል። ዓይነ ስውሩ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው፣ ነፍሰ ጡሯ እንዴት ያልፋሉ? አምቡላንስስ? የአምቡላንስ ሹፌር ጥቁር አንበሳ ለመግባት በየት በኩል እንደሚያልፍ በሽተኛ ጭኖ ነው እንዴ የሚጠይቀው?

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ካዛንቺስ ሲፈርስ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ገላን ጉራ ሰፍረዋል። ካዛንቺስ የኖረ ሰው ሥራው፣ የልጁ ትምህርት ቤት፣ ዱቤ የሚሰጠው ሱቅ፣ ዕድሩ ሁሉ በእግሩ የሚደርስበት ነበር። የትራንስፖርት ወጪ የሚባል ነገር ሳያውቅ የኖረ አለ። ባንድ ሰሞን ከከተማው እምብርት ወደ ደቡብ ጫፍ ተወሰደ። ቤቱ አዲስ ነው፤ ይሁን። ግን ሰውየው ሥራው ካዛንቺስ አካባቢ ቀርቷል። እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት የምታስረክብ ሴት ደንበኞቿ እዚያው ቀርተዋል። ከገላን ወደ መሐል ከተማ ለመግባት በቃሊቲና በሳሪስ ማለፍ አለ፤ ይህን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቤት አፍርሶ ሰውን ለማንሳት ቀነ ገደብ ሲሰጥ ቀኑ ተቆጥሮ፣ የመኪናው ጭነት ታስቦ ነበር። ሰውየው ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራው በምን እንደሚሄድ ግን የመጨረሻ ጥያቄ ሆነ። እኛ የመጀመሪያው መሆን ነበረበት ባዮች ነን።

የምንጠይቀው ጨረቃን አይደለም። መንገድ ከመዘጋቱ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ ከዚህ እስከዚህ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ በሬዲዮ ይነገር፤ በታክሲ ተራውና በአውቶቡስ ፌርማታው ላይ ይለጠፍ። ሬዲዮ የማያዳምጥ አለ፣ ስልኩ ኢንተርኔት የሌለው አለ፤ ፌርማታው ላይ ግን ሁሉም ይቆማል። ዋናው መንገድ ከመዘጋቱ በፊት ተለዋጩ ይጠገን፤ ጉድጓዱ ይደፈን፤ ከባድ መኪና በጠዋትና በማታ እንዳይገባበት ይደረግ። ለተለዋጩ መንገድ የሚሆን ታሪፍ ከመዘጋቱ ጋር አብሮ ይውጣ፤ ያን ጊዜ መስመር የሚቆርጠውን ባለታክሲ መቅጣት ፍትሕ ይሆናል። ሸገርና አንበሳ አውቶቡሶች በተዘጋው መስመር ላይ ቁጥራቸው ይጨመር። መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ሁሉም በአንድ ሰዓት በር መክፈታቸውም ይታሰብበት፤ በግማሽና በአንድ ሰዓት ቢለያዩ የጠዋቱ ግፊያ በመጠኑ ይላላል፤ ለዚህ ደግሞ ሲሚንቶ አያስፈልግም። «በሦስት ወር ይከፈታል» የተባለው መንገድ በሦስተኛው ወር ካልተከፈተ ለምን እንዳልተከፈተ የሚናገር ሰው ይቅረብ፤ ስሙና ስልኩም አጥሩ ላይ ይጻፍ።

ይህን ሁሉ ለማድረግ የገንዘብ እጥረት አለ እንዳይባል፣ ለመብራቱና ለአበባው የወጣውን እያየን ነው። የባለሙያ እጥረት አለ እንዳይባል፣ የካቲት በመጣ ቁጥር የሚወጣውን መግለጫ የሚያዘጋጁት ሰዎች በደመወዝ ላይ ናቸው። ያንኑ መግለጫ ለገላን፣ ለአያት፣ ለጀሞ፣ ለቱሉ ዲምቱ ሕዝብ ይጻፉለት።

ለከተማው አስተዳደርም አንድ የተቆጠረ ጥያቄ አለን። ከገላን ጉራ ወደ መሐል ከተማ ጠዋት ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ስንት አውቶቡስ ይነሳል? በየስንት ደቂቃው? መንገድ ሲዘጋስ በየት በኩል ይገባል? ቁጥሩን በጽሑፍ ይላኩልን። ሳንቀንስ ሳንጨምር በዚሁ ገጽ እናትመዋለን።